ያልተወረወረው ዘንግ

እንጅባራ ላይ ወረፋ ይዤ የኮሮናን ክትባት የተከተብኩ ዕለት፣ ነርሷ ክንዴን በጥጥ ስትጠርገው የስፕሪቱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አጠገቤ የቆመችው ልጄ ማስኳን እስከ ዐይኗ ሥር ስባ፣ «አባባ፣ ሰው ሁሉ ከተከተበ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል አይደል?» አለችኝ።

ልጆቼ እንደሚያውቁኝ መልስ የማይጠፋብኝ ሰው ነኝ። ያልጠየቁኝንም እመልሳለሁ። ያን ቀን ግን እጅጌዬን አውርጄ ባጃጅ ጠራሁ። ልጅቱ የተቆጣሁ መሰላት። አልተቆጣሁም። እኔም በእሷ ዕድሜ እንኳ ሳልደርስ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ተስፋ ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ፈረስ ሜዳ ላይ ነው።

የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከተውሶ መጽሐፍ ለቃቅሜዋለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት ከመጻፍ በቀር ሌላ ጥበብ የለኝም። ልጄም ታንብበው።

መንደራችን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለች፣ በየጓሮው ቀርከሃ የበቀለባት ናት። ያን ዓመት ጥር ሲገባ ነፋሱ አልቆም አለ። የገብሱ እብቅ ከየአውድማው እየተነሳ ዐይናችንንና ምግባችንን ሞላው፤ ውኃ እንኳ ስንጠጣ ጥርሳችን መሐል አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። ከአቧራው ጋር በሽታው መጣ። ትልልቆቹ «ማጅራት ገትር» ይሉታል። አንገት ይደርቃል፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ ሰው ይቃዣል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ይሞታል።

እኔ በልጅ አእምሮዬ ነገሩን በራሴ መንገድ ተረድቼው ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረን። «አያ» የምለው ታላቅ ወንድሜ ስንሻው ልጓሙን ሲስበው ዳማ አንገቱን እንደዚያው ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ስለዚህ የማይታይ ፈረሰኛ በየቤቱ እየገባ ሰው ላይ ልጓም የሚያገባ፣ የሚስብም መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ የሚፈራውን ነገር አይናገርም፤ ወላጆች ይህን ዕወቁ።

በሽታው የገባበት ቤት በሩ ላይ ቀርከሃ ይጋደማል። ቀርከሃውን ያየ ሰው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጎረቤት ምግብ አምጥቶ ከቀርከሃው ማዶ ያስቀምጥና ተጣርቶ ይሄዳል። ለቀብር የሚወጣው ሰው ሬሳውን ለመሸከም የሚበቃው ብቻ ሆነ፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥም ቀረ። የእንጅባራው የቆሰበር ገበያ ተዘጋ። ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት በደስታ ዘልያለሁ፤ የልጅ ደስታ ነውር አያውቅም።

ስንሻው የተኛው የጥር ጊዮርጊስ በቀረበበት ሳምንት ነው። የጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞች ቀን ነው። እሱ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት ሆኖ ሳለ ከትልልቆቹ ፈረሰኞች ጋር የተሰለፈ፣ በመንደሩ ስሙ የተነሳ ነበር። ያን ሰሞን ኮርቻውን በቅቤ ሲያሽ ይውላል፣ እኔ የዳማን ጭራ አበጥራለሁ። አንድ ጠዋት «ራሴን» ብሎ ከኮርቻው ላይ ጋደም አለ። እስከ ማታ አንገቱ ደረቀ።

በማግስቱ በራችን ላይ ቀርከሃ ተጋደመ። እኔ ደግሞ የዳማን ልጓም ከተሰቀለበት አውርጄ ጓሮ ቀርከሃው መሐል ቀበርኩት። ልጓሙ ከቤት ከጠፋ ወንድሜ የሚለቀቅ መስሎኝ ነው።

አባቴ ኋላ ሲፈልገው አጣው። «ማነው የወሰደው?» አለ።

«እኔ።»

«የት አደረግኸው?»

«ቀበርኩት። አያን እንዳይስበው።»

አባቴ እጁ ፈጣን ሰው ነበር፤ ስለዚህ ፊቴን በክንዴ ጋረድኩ። አልመታኝም። ወደ ጓሮ ወጣና ብዙ ቆየ። ሲመለስ ልጓሙን ይዞ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ «አቧራው» አለ፤ ማንም ምን ሆንክ ሳይለው።

በሽታውን ያልፈሩ ጎረምሶች አፋቸውን በነጠላ አስረው ስንሻውን በቃሬዛ ወደ ዳንግላ ወሰዱት። መርፌ እየተወጋ ሰነበተና በሕይወት ተመለሰ። ከእሱ ጋር የታመሙ ሦስት ፈረሰኞች አልተመለሱም። እናቴ በሩ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ደስታና ሐዘን ሲበዛባት የምትናገረው በአገውኛ ነበርና፣ በአገውኛ ብዙ አለች።

ወንድሜ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ፣ «ለምንድን ነው የምታንሾካሹኩት?» አለ በትልቅ ድምፅ። «ልሞት ነው እንዴ? ንገሩኛ!»

ማንም አላንሾካሾከም። እናቴ እንደውም ስትጮህ ነበር። እኔ ግን እውነትም ያንሾካሾክን መስሎኝ መደቡ አጠገብ ሄጄ፣ «አላንሾካሾክንም!» ብዬ ጮህኩ። እሱ አፌን ዐየና ፈገግ አለ። «አንተም፣ ሸጋው?» አለኝ፤ ሲጠራኝ እንደዚያ ነው። «አንተም ታንሾካሹካለህ?»

አባቴ «ድካም ነው» አለ። «በሽታው ገና አልወጣለትም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን «አይሰማም» የሚለው ቃል አልተነገረም። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ድካም እንለዋለን። እውነትን በሌላ ስም መጥራት ሲጀመር እንደ ርኅራኄ ነው። ሲውል ሲያድር ግን የታመመውን ሰው ብቻውን ይተወዋል።

የፈረሰኞቹ አለቃ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። «አለቃ» የምንላቸው የክህነት ማዕረግ ኖሯቸው አይደለም፤ ፈረሰኛውን የሚያሰልፉት፣ የጉግሱን ጥንድ የሚያወጡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው ስለሆኑ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ቤት እየዞሩ ከቀርከሃው ማዶ ቆመው ሰውን ያበረቱ ነበር። እኛም በር መጡ።

«እንዴት ዋላችሁ? አይዟችሁ!» አሉ ዘንጋቸውን ተደግፈው። «መንግሥት የክትባት መርፌ እየላከ ነው። መርፌው ሲመጣ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል።»

«ሁሉም?» አልኩ ከአባቴ ጀርባ።

«ሁሉም ልጄ! አንድ የሚቀር የለም።»

እንግዲህ ያን ቃል ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት። አለቃ ደሴ አይዋሹም። መርፌው ሲመጣ የስንሻው ጆሮ ይከፈታል።

መርፌው የመጣው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ አንድ ጤና ረዳት፣ ከንፈሩ በነፋሱ የተሰነጣጠቀ ወጣት፣ የበረዶ ሣጥኑን ጥላ ሥር አስቀምጦ ጠበቀን። ሰው ግን አልቀርብ አለ። ወረፋው ጫፍ ላይ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ።

«ማህጸን ያደርቃል አሉ» አለች አንዷ።

«ያንችማ ከደረቀ ስንት ዘመኑ!» አሏት አንዲት አሮጊት። «እኔን ውጋኝ ልጄ፤ እኔ እንደሁ የሚደርቅ የለኝም።»

ሳቁ ሲፈነዳ ፍርሃቱ ትንሽ ለቀቀ። አሮጊቷ ክንዳቸውን ሰጡ። ስፕሪቱ ሸተተኝ። ያን ሽታ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ የእኛ መንደር ደግሞ ያን ሰሞን በአቧራና በላብ የምትሸት ነበረች። ደግ ነገር ይህን የሚሸት መሰለኝ። ስንሻውን በእጁ ጎትቼ አቀረብኩትና ጤና ረዳቱን፣

«ጆሮው ላይ ነው የምትወጋው?» አልኩት።

ሰዎች ሳቁ። «ክንዱ ላይ ነው እንጂ! ለምን ጆሮው?» አለኝ።

«እንዲሰማ።»

ሳቁ ቆመ። ጤና ረዳቱ አባቴን ዐየው። «ታሞ ነበር?»

«ታሞ ድኗል» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «ትንሽ ድካም ነው የቀረው።»

ጤና ረዳቱ ከወንድሜ ኋላ ዞሮ ጣቱን አጮኸ። ስንሻው የበረዶ ሣጥኑን እያየ ነበር። ጤና ረዳቱ ተመልሶ ክንዱን ጠረገና ወጋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ ይሄ መርፌ አጥር ነው። ያልገባውን ይከለክላል። በሽታው የወሰደውን አይመልስም» አለ።

«አንተ ውጋ!» አሉ አለቃ ደሴ ከወረፋው ራስ። «ትንቢቱን ለእኛ ተውልን!»

እኔም ከአለቃ ጋር ተስማማሁ። ከጤና ረዳቱ ይልቅ እሳቸው የሚያውቁ መሰለኝ፤ በዕድሜ ይበልጡታላ።

አሁን የማይታበለውን እናገራለሁ፤ መርፌው ሠራ። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን አዲስ ቀርከሃ አልተጋደመም። ዛሬ ክትባት አያስፈልግም የሚል ሰው ፊቴ ሲቆም እነዚያን በሮች አስታውሼ እገሥጸዋለሁ። የተጋደሙትም ፋሲካ ሳይደርስ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ሴቶቹ አጥር አደረጓቸው። ገበያው ተከፈተ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው አይጠግቡም፤ ተላቀው ሁለት እርምጃ ይሄዱና ተመልሰው ይሳሳማሉ። የማኅበሩ ጽዋ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ እኔ ግን «ስንሻው እስኪበረታ» ተብዬ ቤት ቀረሁ። እሱ ወደ ገበያ ሲወጣ ከኋላው የሚመጣ መኪና ስለማይሰማ አብሬው መሄድ ነበረብኝ። ምክንያቱን ማንም በአፉ አላለውም።

በየጠዋቱ ወንድሜን እፈትነዋለሁ። ዳማን ሲቦርሽ ከኋላው ቀስ ብዬ እመጣና የቆርቆሮ ጣሳ በድንጋይ እመታለሁ። አይዞርም። መርፌው ክንዱ ላይ ስለገባ ጆሮው ድረስ ለመሄድ ጊዜ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጣሳውን ገና ሳነሣ ዞር አለ!

ወደ እናቴ በረርኩ። «ሰማ! አያ ሰማ!»

እናቴ የያዘችውን ጥላ ወጣች። ከኋላው ቆማ በስሙ ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ስንሻው የዳማን ትከሻ መቦረሹን ቀጠለ። እኔ ዘልዬ ፊቱ ቆምኩና ጣሳውን አሳየሁት።

«ጥላህን አየሁት» አለኝ እየሳቀ፣ ግድግዳውን በብሩሹ እየጠቆመ። «ፀሐይ ከኋላህ ናት፣ ሸጋው። ጥላህ እየቀደመህ ይናገርብሃል።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ቤት ገባች።

ከፋሲካ በኋላ አለቃ ደሴ መጡ። ከደጃፋችን ቀርከሃው ከተነሣ ወዲህ መደባችን ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። «ጥር ጊዮርጊስ ያመለጠንን በሚያዝያ ጊዮርጊስ እንጋልባለን» አሉ። «ሰው ገበያ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ፈረስ ሲጋልብ ካላየ በሽታው መሄዱን አያምንም።»

«ደግ ነው» አለ አባቴ።

«ሦስት ፈረሰኛ አፈር ገብቶብናል። በሕይወት ያለ ሰው ከሰልፉ አይጎድልም። ስንሻው ይወጣል።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «አይሰማም እኮ!» አለች።

ቃሉ በቤታችን ሲነገር ያ የመጀመሪያው ነው።

«ዝም በይ አንች» አለ አባቴ።

«አልልም! ከኋላ የሚመጣበትን በምን ይወቀው? እናንተ ወንዶች አይደላችሁ ጉግስ በጆሮ ነው የምትሉ?»

ልክ ነበረች። ጉግስ አላየሁም ለሚል ልንገረው፦ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ያሳድደዋል፤ አሳዳጁ ሲደርስበት ዘንግ ይወረውርበታል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ዞሮ ካየ ፈረሱ መንገዱን ይስታል፣ ሰዉም ፈሪ ይለዋል። ስለዚህ የአሳዳጁን ርቀት የሚለካው በኮቴ ድምፅ ነው። ጋሻውን ቀድሞ ካነሣ ይሳቅበታል፤ ከዘገየ ማጅራቱን ይመታል።

አባቴ ስንሻውን በእጁ ጠራው፤ ጋሻና ፈረስ በምልክት አሳየው። ወንድሜ ገባው። ከበሽታው ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም። «እወጣለሁ!» አለ፤ ድምፁን መመጠን አይችልምና አለቃ ደሴ ደነገጡ። «ከሰዓት በኋላ ከሆነ እወጣለሁ። ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን።»

ለምን ፀሐይ እንዳለ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሜዳ ወርደን ተለማመድን። እሱ ዳማን በሶምሶማ ይነዳል፤ እኔ ዘንግ ይዤ ከኋላው እሮጣለሁ። ፀሐዩ ከጀርባችን ነው፤ ጥላዬ ከእኔ ቀድሞ ሣሩ ላይ በጎኑ ይዘረጋል። ክንዴን ሳነሣ ጥላው ክንዱን ያነሣል፤ ስንሻው ያን አይቶ ጋሻውን ያዞራል። ቋ! ዘንጌ ጋሻው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ መታሁት። ኋላ መምታት አቃተኝ። በፈረስ የሚጋልብ የሰፈር ልጅ ለምነን ሞከርነው፤ እሱም አቃተው። ወንድሜ የጠፋበትን ጆሮ በዐይኑ ሊተካ ነው። መርፌው ያልመለሰውን እሱ ራሱ ሊመልሰው ነው ብዬ አመንኩ።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው ነጠላ በነጠላ ሆነ። የታጨደ የሚመስለው ሣር ላይ ግላስ የለበሱት ፈረሶች ይንጎራደዳሉ፤ የቅቤና የፈረስ ላብ ሽታ ሜዳውን አፍኖታል። ታቦት ገብቶ ሰው ምሳውን ከቀማመሰ በኋላ አለቃ ደሴ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ አወጡ። ለስንሻው የወጣው ታደለ ነው፤ አብሮ አደጉ፣ ዘንግ ሲወረውር የማይስት። እናቴ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ዐይኗን ጨፍናለች። እኔ ሸሺው የሚደርስበት የሜዳው ጫፍ ላይ ነበርኩ።

ተነሡ። ዳማ አንገቱን ሰድዶ መጣ። የታደለ ፈረስ ርቀቱን እየበላ፣ እየበላ ተጠጋ። ጥላው መጀመሪያ ከዳማ ጭራ ሥር ወጣ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ተዘረጋ። የወንድሜ ዐይን ሣሩ ላይ ነው። የጥላው ክንድ ከነዘንጉ ተነሣ። በዚያችው ቅጽበት የስንሻው ጋሻ ወደ ጀርባው ዞረ። ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ። ሰሚ ሰው እንኳ እንደዚያ አያሳምረውም። ከደስታ የተነሣ ጮህኩ።

ዘንጉ ግን አልመጣም።

ታደለ ክንዱን እንዳነሣ መልሶ አወረደው። ወንድሜ ጋሻውን እንደያዘ፣ ምቱን እየጠበቀ፣ ሜዳውን ጨረሰ። ሰዉ እልል አለ። ሴቶቹም፣ ፈረሰኞቹም፣ አባቴም እልል አሉ፤ እንደ ደኅና ጉግስ። ስንሻው እኔ አጠገብ ፈረሱን አቁሞ ዞረ። ታደለን ዐየ። ዘንጉ እጁ ላይ ነው።

«ለምን አልወረወርክም?» አለ። ድምፁ ሜዳውን ሞላው፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። «ወርውር እንጂ! ተመልሰን እንነሣ፤ ወርውርብኝ!»

ታደለ አንገቱን ደፍቶ ለሌሎቹ፣ «አለቃ ናቸው ተው ያሉኝ» አለ። «እንዴትስ ልወርውርበት? አይሰማም እኮ!»

አለቃ ደሴ በፈጣን እርምጃ መጡ። ዳማን በጉንጩ ያዙት፣ የወንድሜን ጉልበት መታ መታ አደረጉ፣ ከንፈራቸው ብዙ ተንቀሳቀሰ። ስንሻው አልገባውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ።

አለቃም ወደ እኔ ዞሩ። «በለው ልጄ» አሉኝ። «ደኅና ጋልበሃል፣ ሰልፉም ሞልቷል፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው በለው።» ዐይናቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ለምነውኛል ብል ይቀላል።

ወንድሜ አፌን ያያል። እሱ የሚያምነኝ አፌን ነው፤ ሌላ መስሚያ የለውም። እኔም ያን ጊዜ ትልልቆቹ ለእኔ የሰጡኝን ቃል ለእሱ እንዳቀብል እየተጠየቅሁ መሆኑ ገባኝ። ስንት ወር ተሸክሜው ነበርና ክብደቱን አውቀዋለሁ።

«አይደለም» አልኩት፣ ከንፈሬን ቀስ አድርጌ። «እንደ ድሮው አይደለም። አዝነውልህ ነው።»

አለቃ ደሴ እጃቸውን ከፈረሱ ላይ አነሡ።

ስንሻው ከፈረሱ ወረደ። ግላሱን አነሣ፣ ኮርቻውን ፈታ፣ ሁሉን በራሱ ትከሻ ተሸከመ። ልጓሙን ለእኔ ሰጠኝ። «እውነቱን የምትነግረኝ አንተ ነህ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት። በሜዳው ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። አባቴ ወደ እኛ አንድ እርምጃ መጣና ቆመ።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዝን። አለቃ ደሴ ቀጣዩን ጥንድ ጠሩ፤ ፈረሰኞቹ ወንድሜ የቆመበትን ቦታ ተጠጋግተው ሞሉት፤ ሰልፉ የጎደለ አይመስልም ነበር። ከኋላችን ኮቴው ተነሣ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዘንግ ጋሻ ላይ አርፎ ቋ ሲል እልልታው ቀለጠ።

እኔ ዞሬ አየሁ። እሱ አልዞረም።